ሁለተኛው እግር የት ሄደ?

አምና ከጋይንቷ ቤተ ልሔም የወጣሁበት ማለዳ ጭጋጉ ሰው አያሳይም ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ሳነክስ የሚያየኝ የለማ። የድጓ መምህሬ የኔታ እስከ መንገዱ ሸኙኝና የራሳቸውን መቋሚያ ሰጡኝ። «እኔ ከእንግዲህ ሩቅ አልሄድም። አንተ በዚህ ቁምልኝ» አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ እንባዬን ዋጥ አድርጌ ወደ ንፋስ መውጫ በሚሄደው መኪና ተሳፈርሁ።

ለእሳቸው የደበቅሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ካች አምና በነሐሴ ጭቃ ወደ አርብ ገበያ ስወርድ አዳልጦኝ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ወጌሻው በሸምበቆ ጠፍሮ አሰረኝና «እስከ ኅዳር መሬት እንዳታስነካው» አለኝ። ለየኔታ ግን «ወለምታ ናት» አልኋቸው። ጀርመን አገር ላለው ቤተ ክርስቲያን የሚላከው አገልጋይ የሚመረጠው በጽጌ ሰሞን ነበርና፣ ጽጌ ሲገባ እስሩን ፈትቼ ማኅሌት ቆምሁ። ሁሉም መቋሚያ ተደግፎ በሚያድርበት ቦታ የእኔን መደገፍ ማን ይለየዋል? ተመረጥሁ። አጥንቱም እንደተጣመመ ገጠመ።

ጀርመን እንደደረስሁ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፖሊሱ መቋሚያዬን አገላብጦ አየና በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«እግርዎን ያምዎታል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

«ለመዘመር ነው።»

አንገቱን ነቅንቆ ባለ ጎማ ወንበር አመጣልኝ። እምቢ ብዬ በእግሬ ሄድሁ። ያ ኮሪደር ከቤተ ልሔም አርብ ገበያ ከሚያደርሰው መንገድ ይረዝማል፤ ጥርሴን ነክሼ ጨረስሁት።

የጋይንት ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የዚህ አገሩ ብርድ ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ይሰነብታል። ሊዘንብ ሲል ከሰማዩ ቀድሞ የሚያውቀው የእኔ ቁርጭምጭሚት ነው። ዘንድሮ ለገና ማኅሌት ወረቡን በክፍሌ ስለማመድ፣ ከታች የምትኖረው አከራዬ ፍራው ኢንግሪድ፣ በእኛ ወይዘሮ ኢንግሪድ፣ በሩን ደበደበች። ልታስወጣኝ ነው እያልሁ ከፈትሁላት።

«ዱላው ይሰማኛል» አለች በጣቷ እየቆጠረች። «አንድ እግርም ይሰማኛል። ሁለተኛው እግር የት ሄደ?»

«ቀስ አድርጌ ስለምረግጥ ነው።»

«ለእኔ አዝነው ከሆነ ሁለቱንም ቀስ ያድርጉ። ካልሆነ ካልሲዎን ያውልቁ!»

አርባ ደብተራ ያላየውን አንዲት አሮጊት በጣሪያዋ ሰማችው። አፈርሁ። እብጠቱን እንዳየች ራሷ ደውላ ቴርሚን ያዘችልኝ። ቴርሚን ቀጠሮ ነው፤ እዚህ አገር ያለ ቴርሚን ሐኪም ቀርቶ የንስሐ አባት አይገኝም።

ሐኪሙ የአጥንቴን ፎቶ አሳየኝ። «እንደገና ቆርጠን በብሎን እናስረዋለን። ከዚያ ለወራት አይቆሙም። ከዘገየ መገጣጠሚያው ያልቅና ጭራሽ መቆም ያቅትዎታል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መቆም» አልሁት።

የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። ለቀዶ ጥገናው ያገኘልኝ ቀን ከገና በፊት ነው፤ መልሴን እስከ ነገ ይፈልጋል። ከታሰርሁ ገናም ጥምቀትም ያመልጠኛል። የላኩኝም ቆሜ እንድዘምር እንጂ ተኝቼ እንድታመም አይደለም። ፈራሁ። ሁሉንም ለየኔታ ተናዝዤ፣ «ታከም» ካሉኝ ልታከም ቆረጥሁ። በጎረቤታቸው ስልክ አገኘኋቸው።

«የኔታ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «ጉልበቴ ከዳኝ፣ ልጄ። ዘንድሮ ጽጌን ከዳር ተቀምጬ ነው ያሳለፍሁት። ሰው ሲቆም እያዩ መቀመጥ እንዴት ይከብዳል መሰለህ! ብቻ መቋሚያዬ በሰው አገር ቆማለች እያልሁ እጽናናለሁ። ቆመሃል አይደል?»

መቋሚያቸው ከበሩ ጥግ ነበር። እኔ አልጋ ላይ ነኝ፣ እግሬ ትራስ ላይ።

«ቆሜያለሁ፣ የኔታ።»

«ተመስገን! አንተስ ምን ልትለኝ ነበር?»

«ብርዱ» አልኋቸው፣ «ብርዱ በረታብኝ።»

ሳቁ። «ብርድ የሚይዘው የተቀመጠን ሰው ነው» አሉኝ። «አንተ ብቻ ቁም።»