የባትሪው ጥማት

ትናንት ልጄ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናውን ግቢ ውስጥ ሰክቶ «አባዬ፣ መኪና ቤት ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ አይተህ ታውቃለህ?» አይለኝም መሰላችሁ! ሳቄ መጣ... እኔ እኮ በደርግ ጊዜ ባትሪ አልጋዬ ስር አስተኝቼ አድር የነበርኩ ሰው ነኝ።

ያኔ ውቤ በረሃ ከእማዬ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ እንኖራለን። እንጀራችን አንዲት አሮጌ ሰይቼንቶ ታክሲ ናት። ባትሪዋ ደክሟል፤ አዲስ ደግሞ ከየት ይምጣ? ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ፈትቼ፣ ተሸክሜ ገብቼ፣ በተዋስኩት ቻርጀር ሰክቼው አድራለሁ። ሲጎድልበት አልጋው ስር ካስቀመጥኩት ጠርሙስ አሲድ እጨምርለታለሁ። ጠዋት መልሶ መግጠም ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ተሳፋሪ እንደጫንኩ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቀጥ አለች። ተሳፋሪዎቹ ገፉ፣ መንገደኛው ገፋ... ወይ ፍንክች! እዚያው የሚሠራው መካኒክ ጋሽ በየነ መጣና የባትሪውን ክዳኖች ፈታ። አጎንብሶ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ።

«አንተ፣ ይሄ ምንድነው? አመድ ነው እንዴ የጨመርክበት?»

ጠጋ ብዬ ሳይ... እምነት የተበጠበጠበት ጠበል! እማዬ ከአሲዱ ጠርሙስ ጎን እያስቀመጠች፣ ለወገቧ ብላ በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ የምትጠጣው። ማታ ጠርሙስ ተሳስቼ የሷን ጠበል ባትሪው ውስጥ ገልብጬዋለሁ ማለት ነው። ታዲያ እሷ ዛሬ የጠጣችው... የኔን አሲድ?!

ታክሲዋን ለጋሽ በየነ ጥዬለት ሮጥኩ። «ጊዮርጊስ፣ እናቴን ብቻ አትርፍልኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም!» እያልኩ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

በሩን በርግጄ ስገባ እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች።

«እማዬ! ጠበሉን ጠጣሽው?»

«ኧረ አልጠጣሁም። ለባትሪው ሰጠሁት እንጂ።»

«ለምኑ?!»

«ሲንተከተክ ስሰማው አንጀቴን በላኝ። ይሄ ታሞ አንተ ጦምህን ከምታድር የኔ ወገብ ይቆይ አልኩና... ክዳኑን ከፍተኸው የለ፣ አጠጣሁት።»

ልቆጣት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ያቺን የወገቧን መድኃኒት፣ ያውም ጠብታ ሳታስቀር! አቅፌ ሳምኳት።

«ተነሳች አይደል?» አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ምን ልበላት? «በአንዴ ነዋ!» አልኳት።

እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ነጠላዋን ብድግ አድርጋ «በል እንግዲያው አራት ኪሎ ማርያም አድርሰኝ፣ በመኪናችን ሄጄ አመስግኜ ልምጣ!» አትልም?

እናንተዬ፣ የዚያን ዕለት ታክሲው እኔ ሆንኩ... እማዬን በጀርባዬ አዝዬ፣ ያለ ምንም ቻርጅ አራት ኪሎ ደረስኩ።