ሜትሩን ያቀበለው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ዕድሜ ልኩን የሰው ወገብ ሲለካ ኖሮ፣ የሰፈር ስብሰባ ላይ ተንፍሶ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ተነሣ። ከአጥሩ ማዶ ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ ሊሠራ ነው። ፎቁ ከቆመ፣ ባሏ ጥርሷን ያወለቃት ልጁ ከነጨቅላዋ የተጠለለችበት የጓሮ ክፍል ይጨልማል። ክፍሉን ከአጥሩ ጋር አጣብቆ፣ ያለ ፈቃድ የሠራላት ራሱ ነው።

«ደንቡ ከአጥር አንድ ሜትር ተኩል ራቁ ይላል፤ ይለካ» አለ።

ሰፈሩ አጨበጨበ። ከዳር እስከ ዳር አጥሩ ላይ ማድቤትና ሱቅ የለጠፈ ሰፈር፣ የጓሮ ክፍል ግንባታ መሆኑን ከረሳ ቆይቷል። ጋራዡ የእግረኛውን መንገድ የዋጠው ጡረተኛ ዳኛ እንኳ ስለ ሕግ መከበር ሲናገር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

«አባዬ፣ ተወው። መብራት አበራለሁ» አለችው ልጁ።

«ዝም በይ። የሚለካው የእነሱ ፎቅ ነው።»

ከወረዳው የተላከችው ቀያሽ መጣች። የብረት ሜትሯ ዝጎ አልሳብ ሲላት፣ ልብስ ሰፊው የራሱን ከአንገቱ አውልቆ አቀበላት፤ ጫፉንም ያዘላት። የሰፊ ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ልክ እንደ ደንቡ። ከአጥሩ ተነሥተው እስከ ፎቁ ችካል ዘረጉት። ሜትሩ አለቀ፤ ችካሉ ገና ወዲያ ነው።

«እነሱ ርቀዋል፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ አንገቷን በአጥሩ ላይ አሰገገች። «ይሄኛውስ የማን ነው?»

የሰፈሩ ዓይን ሁሉ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ።

«ለዚህስ ሜትርም አያስፈልግም» አለች ቀያሿ። « ጣት አይገባም።»

«ሌሎቹንም ትለኪያለሽ?» አለ ዳኛው፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ቅሬታው ከቀጠለ፣ ሁሉንም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰፈሩ ቅሬታውን እዚያው ተወ፤ ቀያሿ ግን ያየችውን ክፍል መዘገበች። «መቼም ይለካ ያለው እሱ ነው» አለች ባለሱቋ፣ ፊቷን አዙራ። ዳኛው ሰፊውን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ሕግ ነው፣ ወንድሜ» አለው።

ክፍሉ ፈረሰ። ልጅቱ ጨቅላዋን አዝላ ወደ ባሏ ተመለሰች፤ ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። አባቷ እስከ በሩ ሸኛት፤ ሰፈሩም ከንፈሩን መጠጠላት።

ፎቁ ርቀቱን ጠብቆ ቆመ። ጠዋት ጠዋት በጎኑ ሾልኮ የሚገባው ፀሐይ ክፍሉ በነበረበት ባዶ መሬት ላይ ያርፋል። ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሞ ያየዋል።