ለሞላ ባዝራ የመሰከረችው

በግራና ከተማ ዙሪያ ሠርግ ሲደገስ ሞላ ካልተጠራ ሠርጉ ሠርግ አይመስልም ነበር። ከሙሽራ ፊት ሽምጥ እየጋለበ የሚያጅበው እሱ ነው፤ መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ ምጥ የጠናባትን ወደ መርሳ ሐኪም ቤት የሚያደርሳትም እሱ። ዳሚት የሚላት ባዝራና አንዲት ግራጫ በቅሎ ነበሩት።

ጦርነቱ ሐብሩ ወረዳ የደረሰ ጊዜ ሁለቱንም ከቤቱ ጀርባ ካለው ገደል ሥር ሸሸጋቸው። ቦታውን ከሚስቱ ከሸዋዬ ሌላ የሚያውቀው ጎረቤቱ ዛኪር ብቻ ነበር፤ ድርቆሽ የሚያቀብለው እሱ ነውና። አንድ ቀን ታጣቂዎች መጡ፤ ግራ ቀኝ ሳይሉ ገደሉ ሥር ገቡና በቅሎዋን እየጎተቱ ወጡ። ዳሚት ያን ሰሞን ታነክስ ስለነበር ተዉአት።

«ቀጥ ብለው ነው የገቡት፤ እንደ ቤታቸው» አለ ሞላ።

«ፋንድያ አለ፣ ዱካ አለ። ሰው አትጠርጥር» አለችው ሸዋዬ።

አልሰማትም። ታጣቂዎቹ ለቀው ከሄዱ በኋላማ የአገሩ ወሬ ሁሉ «ማን ጠቆመ?» ሆነ። ገበያ ላይ ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ ሦስተኛው «ስሜን አነሱት» ይላል። ሞላም የዛኪርን ሰላምታ ይመዝን ጀመር። ጮክ ካለ ሊሸፍን ነው፤ ዝግ ካለ አፍሮ ነው። ድርቆሽ ይዞለት ቢመጣ «ጸጸት ነው ያመጣው» አለ፤ ሲቀር ደግሞ «ዓይኔን ፈራ።»

የዳሚት እግር ድኖ ወደ መርሳ ሊወጣባት ሲነሣ ጉድ ታየ። የዛኪር በር ጋ ስትደርስ ጆሮዋን ቀስራ ቀጥ አለች። በተረከዙ ቢኮለኩላት ወደ ጎን ተፈናጠረች። በማግስቱም እዚያው በር ላይ እንዲሁ ሆነች። ሞላ ይህች እንስሳ የምታውቀው ነገር አለ ሲል አሰበ።

ተፈራ የሚባል የሚሊሻ አዛዥ ሰዉን ሰብስቦ «የምትጠረጥሩትን ተናገሩ» ሲል፣ ሞላ ተነሣ።

«እኔ አፌን አላበላሽም፤ ባዝራዬ ትመስክር። ገደሉ ሥር ነበረች፤ መንገድ የመራቸውን በዓይኗ አይታዋለች።»

ሞላ ዳሚት ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ሰዉ ተከተለው። ዳሚት እንደ ልማዷ የዛኪር በር ላይ ቆመች፤ አንኮራፋች፤ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሰዉ አጉረመረመ። ተፈራ የዛኪርን ክንድ ጨበጠ።

«ወላሂ አላደረገውም!» ብላ ሚስቱ ቶይባ ጮኸች።

ሼህ አብዱልሐሊም በጉልምስናቸው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ሰዉን በእጃቸው እየለዩ ወደ ፊት መጡ።

«ሞላ፣ ዓይንህን ልሰረው። ባዝራዋን እኔ እመራታለሁ።»

«ምን ሊረባዎት፣ ሼሁ?»

«ምስክሯ እሷ አይደለችም? ያንተ ማየት ምን ያደርግላታል?»

በፎጣ አሰሩት። ሼሁ ባዝራዋን ወደ ታች ወስደው ደጋግመው አዞሯት፤ ሞላ አቅጣጫው ጠፋው። ከዚያ መንገዱን ያዙ፤ ተፈራም ዛኪርን እንደያዘ ተከተለ። እሱ የሚሰማው ኮቴዋንና የሰዉን እርምጃ ብቻ ነበር። ብዙ ከሄዱ በኋላ የቶይባ ልቅሶ ከፊቱ ተሰማው። «የዛኪር በር ደረስን» አለ በልቡ። ጉልበቱ ኮርቻውን ጨመቀ፤ ትንፋሹን ዋጠ፤ የልጓሙን ዛብ ሳያውቀው ሳበው። ዳሚት ቆመች፤ ወደ ጎን ተፈናጠረች፤ ሊወድቅ ሲል ጋማዋን ያዘ።

«ይኸው! ይኸው አያችሁ!» ብሎ ፎጣውን ገፈፈው።

ፊት ለፊቱ የቆመው አንድ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ነበር። ቶይባ ባሏ ሲያዝ ማየት አቅቷት እዚያ ሄዳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የዛኪር በር ከኋላው ርቆ ቀርቷል።

«ያን በር ስናልፍ ሣር እየነጨች ነው ያለፈችው» አሉ ሼሁ። «ልጄ፣ ፈረስ የጋላቢውን ልብ ከጭኑ ትሰማለች። አንተ ስትደነግጥ ደነገጠች።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዛኪር አልሳቀም። ተፈራ ክንዱን ለቀቀው።

ሽማግሌዎች ባሉበት ሞላ «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ዛኪርም «አፉ ብያለሁ» አለ፤ ሲል ግን የሚያየው ባዝራዋን ነበር። ድርቆሽ ይዞ መምጣቱንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወ።

ማን እንደጠቆመ፣ ጠቋሚስ ይኑር አይኑር፣ የሚያውቅ የለም። ሞላ ደግሞ ገላው አልታዘዝ አለው። ዛቡን አላልቶ እያንጎራጎረ ቢሞክር፣ ያ በር ሲቀርብ ጭኑ እንደ እንጨት ይደርቃል። ስለዚህ እዚያ ሲደርስ ወርዶ በእግሩ እየመራት ማለፍ ያዘ።

ዛኪር አንድ ቀን ከግቢው ማሽላ እየወቃ ሳለ ሞላን አየውና ቀና አለ።

«ዛሬም ወረድክ?»

«ኮርቻው ላልቶብኝ ነው» አለ ሞላ።

ዛኪር ኮርቻውን አየው፤ አልላላም።

«እሺ» አለና ወደ ማሽላው ተመለሰ።