«ዝም በሉ» የምትባለው ነርስ

በድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ፊት ለፊት ሲያገኟት «ሲስተር» ይሏታል፤ ከኋላዋ ግን ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ሐኪሞቹ ድረስ ሁሉም የሚያውቃት «ዝም በሉ» በሚለው ስም ነው። ስሙን ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው በገባ ቁጥር ቤተሰቡ ያወራል፣ አልጋው ይንኳኳል፣ ሐኪሙ ይጠይቃል። እሷ እጇን ከፍ አድርጋ «እስቲ ዝም በሉ» ትላለች። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ የምትሰካው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲስ የተቀጠሩ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ይቀየሟታል። አንዴ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ እንግዶች አስከትሎ ክፍሉን ሲያስጎበኝ እሱንም «ዝም በሉ» ብላው፣ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል። በኋላ ቢሮው አስጠርቶ ምን ማለቷ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «ሰውየው ሲተነፍስ እርስዎ እያወሩበት ነበር» አለችው። ሥራ አስኪያጁም ነገሩን እዚያው ተወው።

በዚያ ክፍል ሃያ አራት ዓመት ሠርታለች። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። መጋረጃዎቹ ግማሽ ማንጠልጠያቸው ስለወለቀ አንደኛው ጫፋቸው መሬት ይጠርጋል። በመስኮቱ በኩል አምቡላንስ የሚቆምበት ግቢ ይታያል። የትኛው የኦክስጅን ሲሊንደር ሲከፈት እንደሚያፏጭ፣ የትኛው አልጋ ጎማ እንደሚጮህ አብጠርጥራ ታውቃለች። ያንን ማወቋ ለጨዋታ አይደለም፤ የዕቃው ጩኸት ከሰው ትንፋሽ ጋር እንዳይምታታባት ነው።

ይህ ጆሮ ቤቷ ድረስ ይከተላታል። ባሏ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ አቧራ የለመደ አፍንጫ ያለው፣ ሲያስነጥስ ቤቱን የሚያናውጥ ሰው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሳትጠይቀው የትኛው የአፍንጫው ቀዳዳ እንደተደፈነ ትነግረዋለች። ልጇ ምሳ ላይ ቀና ትልና «እማዬ፣ እየበላሁ ትንፋሼን አትቁጠሪ» ትላታለች። እሷም «አልቆጠርኩም» ትላለች፤ ቆጥራለች ግን። ከግድግዳው ማዶ ያለው የጎረቤት ሕፃን ሳል ሰንበትበት ሲልም በር አንኳኩታ «ይሄ ሳል ዛሬ ሐኪም ይየው» ብላ ተመልሳለች። ሕፃኑ የሳንባ ምች ይዞት ነበር። ጎረቤትየው አመሰገናት፤ ለባሏ ግን «ወንድሜ፣ ግድግዳውን እናስወፍረው ይሆን?» አለው። ባሏም «እኔ ምን ልበል፣ ያለ ግድግዳ ነው የምኖረው» ሲል መለሰ።

ነገሩ የሆነው አንድ ማክሰኞ፣ ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀር ነው።

የዚያን ቀን ተረኛው ሐኪም ከመጣ ስምንት ወር የሆነው ወጣት ነበር። ቀጭን፣ እጁ ፈጣን፣ መጽሐፍ የጠገበ ልጅ ነው። እሷ ጥግ ያለው አልጋ ላይ የአንዲት አሮጊት ቁስል እየጠረገች ሳለ በሩ ተበረገደና አንድ ልብስ ሰፊ በሚስቱና በታክሲ ሾፌር ተደግፎ ገባ። ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ የሜትር ክሩ ከአንገቱ ያልወረደ ሰው ነው። ሚስቱ ሰማያዊዋን የአስም መድኃኒት በእጇ ጨብጣ «አስሙ ተነሣበት፤ ደጋግሜ ነፋሁለት፣ ምንም አልረዳውም» አለች። ከሱቁ በስተጀርባ ልብስ ስትተኩስ ሲያስል ሰምታ ስትወጣ አንገቱን ይዞ አገኘችው። ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ አላየችም።

ወጣቱ ሐኪም ጊዜ አላጠፋም። በጭምብል የሚሳበው የአስም መድኃኒት እንዲጀመር አዘዘ፤ ደም ሥር ለማግኘትም «አስተኙት» አለ። ሰውየው ግን አልተኛ አለ። ጭምብሉን ይገፋል፣ በክርኑ ተደግፎ ይነሣል። ሐኪሙ አየር አጥሮት ራሱን ስቶ የሚታገል መሰለው። አልጋ ገፊውና ሌላዋ ነርስ ትከሻውን ይዘው ወደ ኋላ አጋደሙት።

እሷ ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማችው። ዝገት የበላው ማጠፊያ ላይ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት፣ ረጅምና ሸካራ ድምፅ። ጓንቷን እያወለቀች መጣች።

«ዝም በሉ» አለች።

ሚስትየው እንኳ ዝም አለች። ሰውየው ተነፈሰ።

«አስም አይደለም፣ ዶክተር» አለች። «አስም ሲሆን ሰው አየሩን ማስወጣት ነው የሚያቅተው፤ የሚያፏጨውም ሲያስወጣ ነው። ይሄ የሚጮኸው ሲያስገባ ነው። ጉሮሮው ላይ የያዘው ነገር አለ። ቀና ያድርጉት።»

«አስም እንዳለበት እኮ ሚስቱ ተናግረዋል።»

«ይኖርበታል። የዛሬው ግን እሱ አይደለም። አንገቱ ላይ ያዳምጡት።»

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገ፤ በሁለቱም በኩል ሳንባው ንጹሕ ነው። አንገቱ ላይ ሲያደርገው ግን ያ የበር ድምፅ ጆሮው ውስጥ ጮኸ። የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። «ቀና አድርጉት» አለ።

ተቀምጦ ወደ ፊት ሲያዘነብል ሰውየው ትንሽ ቀለለው። የኦክስጅኑን ጭምብል ፊቱ ላይ ሳታስር፣ በእጇ ቀረብ አድርጋ ያዘችለት። ያኔ እጁን ዘርግቶ የጋውኗን ደረት ጨምድዶ ያዘ። አልጋ ገፊው ተደናግጦ ነው ብሎ ሊያስለቅቀው ሲል «ተወው» አለችው። ሰውየው ጋውኑን አይደለም የያዘው፤ ቁልፉን ነው። በሁለት ጣቱ ቁልፉን ያዞራል፣ ከዚያ ወደ አፉ ይጠቁማል፣ ደግሞ ቁልፉን ያዞራል።

«የልብስ ቁልፍ ነው? አፍዎ ውስጥ ቁልፍ ነበር?»

ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ግድግዳውን ተደገፈች። «ሲሰፋ ከንፈሩ ላይ ነው የሚይዘው» አለች ቀስ ብላ። «ስንት ዓመት ነገርኩት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ፈጣን ቢሆንም ግርግር አልነበረውም። ሰው ማሳል እስከቻለ ድረስ ሳሉ ከማንም እጅ ይሻላል፤ ስለዚህ «ይሳሉ፣ ወንድሜ፣ አይዞዎት፣ በርትተው ይሳሉ» እያለች ጀርባውን ሳትመታ ጠበቀች። ቀዶ ጥገና ክፍል ተደወለ፤ የማደንዘዣው ባለሙያ ሥራ ላይ ስለነበር አሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል አለ። ሐኪሙ ጉሮሮ የሚያሳየውን ባለመብራት ብረት፣ ቆልማማውን መቆንጠጫ፣ መምጠጫውንና በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት ደረደረ። ከእነሱ ጎን ቢላም አስቀመጠ፤ ሌላው መንገድ ሁሉ ካልሆነ አንገቱን ከፊት ቀድዶ አየር ለማስገባት ነው። እሷ ምንም ሳትናገር የሰውየውን አንገት በአዮዲን ጠረገች።

ከአሥሩ ደቂቃ አራቱ እንዳለፉ ሰውየው አንድ ጊዜ አጥብቆ ሳለ፤ ወዲያው ያ ድምፅ ቆመ።

«እፎይ» አለች ሚስትየው፣ «ዝም አለ። ለቀቀው መሰለኝ።»

«አለቀቀውም» አለች ነርሷ። «ጨርሶ ዘጋው።»

የሰውየው አፍ ተከፍቷል፤ የሚገባም የሚወጣም ነገር የለም። ወደ ፊት አዘንብላው በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፏ ሥር አምስት ጊዜ መታችው። አልወጣም። ሐኪሙ ከአልጋው አውርዶ አቆመውና ከኋላው አቀፈው፤ ጭብጡን ከእምብርቱ በላይ አድርጎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ሳበ። አልወጣም። ደገሙት። የሰውየው ከንፈር ሰማያዊ ሆነ፤ ጉልበቱ ከዳውና ከሐኪሙ እጅ ላይ ተንሸራተተ።

አሁን ማስተኛት ተገቢ ነበር፤ እዚያው ወለሉ ላይ አስተኙት። ሐኪሙ ራስጌው ላይ ተንበርክኮ ባለመብራቱን ብረት አስገባ። እሷ ምራቁን መጠጠችለት። «አየሁት» አለ። የመጀመሪያው ቁንጠጣ አንሸራተተው። «ዳሩን ያዘው» አለችው፤ በሰው ፊት አንተ ስትለው ያ የመጀመሪያዋ ነው፣ ሁለቱም ግን ልብ አላሉትም። ሁለተኛው ቁንጠጣ ያዘ። ወጣ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቡናማ የኮት ቁልፍ፣ አራት ቀዳዳ ያለው።

በከረጢቱ ስድስት ሰባት ጊዜ አየር ሰጡት። ከዚያ ደረቱ ራሱ ተነሣ። ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ከሃምሳ ስድስት ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ዘጠና አራት ወጣ። የማደንዘዣው ባለሙያ እየሮጠ ሲደርስ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ሚስቱን ይፈልግ ነበር። ሐኪሙ ቁልፉን በፋሻ ላይ አድርጎ ብርሃን ፊት ያዘው። አራቱን ቀዳዳዎች ሲያይ ሰውየው እስከዚያ ድረስ በየት በኩል ሲተነፍስ እንደቆየ ገባው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንሶላ ልታመጣ ዕቃ ክፍል ስትገባ ወጣቱን ሐኪም ብርድ ልብስ ቁልል ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አስተኛሁት» አላት።

«አዎ፣ አስተኛኸው።»

የሚያጽናና ነገር ትናገራለች ብሎ ቀና ብሎ አያት። እሷ ግን አንሶላውን ትቆጥር ነበር። ሲያልቅ ደረቷ ላይ አቅፋው በሩን ተደገፈች።

«ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው» አለች። «አንድ መምህር በአስም መጣ። ደረቱ ከበር ይሰማ ነበር፤ እንደ ፉጨት። መድኃኒት ሰጠነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፉጨቱ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ሚስቱ ‹እንዴት ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹ተሻለው፣ አሁን አረፈ› አልኳትና ወደ ሌላ አልጋ ሄድኩ። አልተሻለውም ነበር። የሚያፏጭ አየር እንኳ አልቀረውም። ደክሞት ነበር። ሐኪም የጠራሁት ካለፈ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።»

«ለማንም ነግረው ያውቃሉ?»

«አሁን ነገርኩህ።»

«ለሚስትየውስ?»

«‹ብዙ ደከምሽለት› ብላ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልበላት።»

ወጣቱ ተነሣ፣ ጋውኑን አራገፈና ወጣ። ፊቱን ሊታጠብ የሄደ መስሏት ነበር። አንሶላውን ይዛ ስትወጣ ግን ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከልብስ ሰፊው ሚስት ጎን ተቀምጦ አየችው። በሩ አጠገብ ቆመች። እንደ ልማዷ ሰማች።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» ይላል። «መጀመሪያ አስም መስሎኝ ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ። ያ ስህተት ነበር፤ አብሶባቸዋል። ሲስተር ባታርመኝ ኖሮ እዚያው ሊያልፉ ይችሉ ነበር።»

«አስም ነው ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች ሴትየዋ።

«እርስዎ ሐኪም አይደሉም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«ቢሞት ኖሮስ? መጥተህ ትነግረኝ ነበር?»

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። «እንጃ» አለ። «እነግርዎት ነበር ብል ደስ ይለኛል። ግን አላውቅም።»

ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ተነሥ» አለችው፣ «ሂድና እሱን እይልኝ።»

ነርሷ አንሶላውን ይዛ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። የቀረውን ሰዓት እንደ ሁልጊዜው ሠራች። ቤት ስትገባ ልጇ ምሳ ላይ የተረፈውን እያሞቀች ነበር። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዋን ሳታወልቅ ቆየች። ልጇ «ምነው?» ስትላት «አንድ ልጅ እኔ ያልቻልኩትን ሲያደርግ አየሁ» አለች። ልጇ ሌላም የምትጨምር መስሏት ጠበቀች፤ እሷ ግን ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

ልብስ ሰፊው ሁለት ቀን ተኝቶ ወጣ። ለሁለት ሳምንት ድምፁ ተዘግቶ ደንበኞቹን በምልክት አስተናገደ። ሚስቱ አቤቱታ አስገባች፤ የከሰሰችውም ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ይዘው ያስተኙትን ሁሉ ነበር። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠ። ወጣቱ የሆነውን ሳይሸፋፍን ጻፈ። እሷም የምስክርነት ቃሏን ስትጽፍ አላጋነነችለትም፣ አልጎዳችውምም፤ «አስተኝቶታል። ሲነገረው ሰምቷል። ቁልፉን ያወጣው እሱ ነው» የሚል ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ለሐኪሙ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። እሷ ደግሞ በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ አዲስ ገቢዎችን ስለ ትንፋሽ እንድታስተምር ተወሰነባት።

ተወሰነባት ያልኩት መናገር ስለማትወድ ነው። ሰሌዳ አትጠቀምም። ስምንት አሥር የሚሆኑትን አዲስ ሰዎች በክፍሉ ጥግ ወንበር ላይ ታስቀምጥና ዓይናቸውን ጨፍነው ለሃያ ደቂቃ የሚሰሙትን እንዲያዳምጡ ታደርጋለች። ከዚያ የትኛው በሽተኛ ሲያስወጣ፣ የትኛው ሲያስገባ እንደሚቸገር፣ ማን እንደደከመ ትጠይቃቸዋለች። የመምህሩንም ታሪክ ትነግራቸዋለች፤ «አንዲት ነርስ» ሳትል፣ «እኔ» ብላ።

በአራተኛው ወር ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ወፍራም አንገት ያለው ደስተኛ ሰው፣ ዓይኑን በጨፈነ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ጓደኞቹ ሳቃቸውን አፍነው ጎኑን ሊነኩት ሲሉ እጇን ከፍ አድርጋ ከለከለቻቸው። ማንኮራፋቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ በመካከሉ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ የሚቆይበትን ጊዜም በሰዓቷ ለካች። ሲነቃ ተሳቆ ይቅርታ ሊጠይቃት ጀመረ። እሷ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጽፋ ሰጠችው። የአንገት በላይ ሐኪም ቀጠሮ ነበር፣ ለሐሙስ ጠዋት።