የኔታ ገዛኸኝ ምትክ ፍለጋ

የኔታ ገዛኸኝ ካርቱም ከገቡ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጧት ጧት አርካዊት ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ልብስ ይሰፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ገብተው ጸሎት ያስጠናሉ። ተማሪዎቻቸው አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በየሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችና ጥቂት ሾፌሮች ነበሩ።

የእመቤታችን ምስጋና ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚደረስ ነውና፣ የኔታ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ ያስጠኑ ነበር። እሳቸውም ጎጃም ሳሉ የተማሩት እንዲሁ ነው፤ ከዚህ ፈቀቅ ማለት በሕልማቸውም አልመጣባቸው።

በ2014 ዓ.ም. ዓይናቸው ደከመና ደብረ ማርቆስ ያለችው ልጃቸው መጥተው እንድትጦራቸው ላከችባቸው። ይህን የሰሙት የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ጌታሁን ቁርጡን ነገሯቸው፤ ሰባቱንም ዕለት በቃሉ የሚያደርስ ምትክ ካልተገኘ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ክፍሏም የወንበር ማከማቻ ትሆናለች።

የኔታ አልሰጉም። ስድስት ዓመት አንድም ሳምንት ያልቀረች ወይንሸት አለችላቸው።

ፈተናው ለዒድ ሰሞን ተቀጠረ። አሠሪዎቹ ዘመድ ጥየቃ ወጥተው ነበርና ተማሪው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ ቀን ተሰበሰበ። ወይንሸት ቆመች፤ የማክሰኞውን እንደ ውኃ አንቆረቆረችው። አቶ ጌታሁን ቀጥለው የሰኞውን ጠየቋት። ራሷን ነቀነቀች። የረቡዑንስ? መሬት መሬት አየች።

«ምነው ልጄ፣ ደነገጥሽ?» አሉ የኔታ።

«ኧረ አልደነገጥኩም፣ የኔታ። አሠሪዬ ሲት ዐለዊያ ከቤት የምታወጣኝ ማክሰኞ ብቻ ነው።»

የኔታ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ማን በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ልብ ብለው አያውቁም ነበር። «ጉድ ሠራሁ» ብለው አንገታቸውን ሲደፉ፣ ከኋላ ኤደን ተነሣች። አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ ካርቱም ስላደገች አማርኛዋ ጉራማይሌ ነው። ግእዙን ግን የኔታን መስላ፣ የሰኞውን ሳትሰናከል ዘለቀችው። ረቡዕን ሾፌሩ ተሰማ ተቀበላት፤ ሐሙስን ቤቲ፤ እንዲህ እንዲህ ሲባል እሑድ ተደረሰ። አንድ ቃል የተዛነፈ የለም። እልልታው ቆርቆሮውን አናጋው።

አቶ ጌታሁን ግን አንድ ሰው አምጡ እንጂ ሰባት አላልንም፣ ትምህርት ቤት አንድ ራስ ነው የሚያስፈልገው ብለው አጉረመረሙ።

የኔታ ሳቁ። «ባንድ ራስ ስለቆመ አይደል፣ እኔ ልሂድ ብል ይዘጋ ያላችሁት? ከሰባቱ አንዱ ቢሄድ እንኳ ስድስት ቀን ይማራሉ።»

አቶ ጌታሁንም ሳቁና ተስማሙ። የክፍሏ ቁልፍ ለወይንሸት ተሰጠ፤ ሰባቱም በየዕለታቸው መምህር ተባሉ። ሲት ዐለዊያም ወሬውን ስትሰማ ስቃ ስቃ፣ ለወይንሸት ሰኞን ጨመረችላት።

የኔታ ሊሄዱ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ሰኞ ዕለት በክፍሏ ደጅ ብቅ አሉ። ኤደን ወይንሸትን ታስጠናለች። ወይንሸት አንዲት ቃል ስትስት፣ የኔታ አላስችል ብሏቸው ከደጅ አረሟት።

ኤደን ዞር አለች። «ማዕሌሽ፣ የኔታ፣ ይቅርታ። ሰኞ የኔ ነው። ከገቡ ይቀመጡ።»

የኔታም ጫማቸውን አውልቀው እየሳቁ ገቡ፤ ወይንሸት ፈቀቅ አለችላቸውና ከጎኗ ተቀመጡ።