ሁለት ቀጭን፣ ሁለት ሰፊ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ «ይሁን» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙ አይደለም፣ አመሉ ነው። ወረፋውን ሲቀሙት ይሁን። ሚስቱ ጥላው ስትሄድ ይሁን። ልብስ ሰፊው ሱሪውን አሳጥሮ ቢሰጠው እንኳ ይሁን ብሎ ቁርጭምጭሚቱን እያሳየ ይሄዳል። ሰው ደግሞ «እንዴት ያለ ደግ ነው!» ይላል። ኤዲያ! ደግነት እንዲህ ከሆነ ለጠላቴም አልመኝለት።

አባታችን ሲሞት አንዲት አሮጌ ፎርዊል መኪና ትቶልን ነበር። ትቶልን አልኩ እንጂ የተዋትስ ለሁለቱ ወንዶች ነው፣ እኔን ምድጃውን ያወረሰኝ መሰለኝ። የኋላ በሯ በርግጫ ካልሆነ አይዘጋም፣ ሞተሯ ግን አንድም ቀን አሳፍሮን አያውቅም። በሥራ ቀን ታላቄ የድንጋይ ካባ ሠራተኞችን ጭኖ ዳገት ይወጣባታል። ቅዳሜና እሁድ ታናሻችን ሙሽራ ያመላልስባታል። ታናሻችንን ቄንጠኛው እንለዋለን፤ ጠዋት ሲነሳ ከፊቱ በፊት ጫማውን የሚያጥብ ሰው ነው። ቤታችን የሚበላው ግን በታላቄ ምልልስ ነበር፤ ይሄን ማንም አይክደውም።

እንግዲህ አራቱም ጎማ በአንድ ሰሞን አለቀ። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው። ታላቄ እንደ ድሮው ቀጭኑ ይገዛ አለ። ወደ ካባው የሚወስደው መንገድ ከላይ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ከሥሩ ግን ጠንካራ ኮረት አለው። ቀጭን ጎማ ጭቃውን ቀዶ ወርዶ ኮረቱን ይነክሳል። ሰፊው ጭቃው ላይ ይንሳፈፍና ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። ይሄን አባታችን ገና በልጅነታችን ነግሮናል። ቄንጠኛው የሚሰማ መሰላችሁ?

«ቀጭን ጎማ የጋሪ ነው!» አለ። «ሙሽራ በጋሪ ልጫን? ሰው ምን ይለኛል? ሰፋ ያለ፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ጎማ ነው የሚያምረው።»

በዚህ ተኳረፉ። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ሲበላ ሌላው ጠገብኩ ይላል። እናታችን ልጆቼ ተቆራረጡ ብላ እህል አልቀምስ ስትል ታላቅ ወንድሟ ተጠራ።

አጎታችን በሽምግልና ስሙ የታወቀ ነው። ለእሱ የማይካፈል ነገር የለም። በአንድ ወቅት ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ላይ በበቀለ ዛፍ ተጣሉ። ዛፉን አስቆርጦ ማገዶውን እኩል ሰጣቸውና ታረቁ ተባለ። ጥላውም ፍሬውም ቀረ፣ እርቁ ግን ወረደ።

ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና «ጎማው ስንት ነው?» አለ።

«አራት» አልን።

«ወንድማማቾቹስ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ይሄ ምን ያጨቃጭቃል? ሁለት ሁለት! ሁለት ቀጭን፣ ሁለት ሰፊ። በቃ ተሳሳሙ!»

ቄንጠኛው ወዲያው ተስማማ። ሰፊዎቹ ከኋላ ይሁኑልኝ አለ፣ ከፊት ከሆኑ መሪው ሲጠመዘዝ የጭቃ መከላከያውን፣ ፓራፋንጎውን፣ ይልጣሉ። ታላቄ ግን ተነሥቶ እናቴን ተከትሎ ኩሽና ገባ። እኔ ጥግ ላይ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ የሚያየኝም አልነበረ።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር አይሆንም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰፊው ጎማ ቁመቱም ይበልጣል። የኋላው ትልቅ የፊቱ ትንሽ ከሆነ አራቱ እኩል አይዞሩም። በኋላ እግሯ ብቻ ስትሄድ ምንም አይደለም። የፊቱን ማርሽ ያስገባሁ ቀን ግን የፊትና የኋላው እርስ በርስ ይጓተትና ማርሹን ይሰብረዋል።»

«እና አታስገባዋ!»

«ክረምት ሲገባ ያለሱ ዳገቱ አይወጣም።»

«ክረምት እስኪገባ እግዜር ያውቃል» አለችው። ከዚያ እጁን ያዘች። «አፈር ስሆን ልጄ! ባጠባሁህ ጡቴ! ስንት ቀን ለምኜ ያመጣሁትን ሰው አፍርሰህ አትሸኝብኝ። ይሄን ያልከኝንም ለማንም እንዳትደግመው። ዛሬ ታርቃችሁልኝ ልደር።»

ያች ቃሉ ወጣች፣ ይሁን አላት። ሳሎን ተመልሶ ገባና ቄንጠኛውን ሳመው። እናቴ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። እኔም ያለቀስኩ መስያለሁ፣ እድሜ ለሽንኩርቱ።

ጎሚስታው ሥራውን ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አያት። ፊቷ ዝቅ፣ ኋላዋ ከፍ ብሏል። «ምን በደለቻችሁ? ጥንቸል እኮ አስመሰላችኋት!» ብሎ ሳቀ። ቄንጠኛውም ሳቀ፤ ቄንጥ መሆኑ ነው። ታላቄ ብቻ ክሪኩን ጠቅልሎ ወንበር ሥር ከተተ።

በጋውን እንደ እንቁላል ያዛት። የፊቱን ማርሽ አልነካም። ለስላሳ አፈር ሲያይ ዞሮ ይሄዳል፣ ሰው ያስወርዳል፣ ራሱ ይገፋል። በሰርጉ በኩል ግን ሰፊው ጎማ ተወደደ፣ ቄንጠኛውም ደረቱን ነፋ። አጎታችን በየደረሰበት «የእነዚያን ወንድማማቾች መኪና አይታችኋል? እኔ ነኝ ያስታረቅኳቸው» ይል ነበር አሉ።

ክረምቱ ገባ። ታላቄ መጀመሪያ ሰሞን መኪናዋን ዳገቱ ሥር እያቆመ ሠራተኞቹን በእግር ሰደዳቸው። የካባው ባለቤት በስልክ ጮኸበት። ሰዎቼ በጭቃ ደክመው እየደረሱ ምን ሥራ ይሠሩልኛል፣ ከነገ ጀምሮ ካልወጣህ ሌላ መኪና አለልኝ አለው። ያን ምሽት ራቱን ሳይበላ ተኛ። ሄጄ «ጋሼ፣ ቁርጡን ለሁሉም ንገራቸው፤ ሰፊዎቹ ይውጡ» አልኩት። «እማዬን ምን ልበላት?» አለኝና ወደ ግድግዳው ዞረ።

በነጋታው የፊቱን ማርሽ አስገባው። ጭቃው ላይ ደህና ወጣች አሉ አብረውት የነበሩት፣ ጎማው ስለሚንሸራተት ጉተታው አልታወቀም። ከጭቃው ወጥታ ኮረቱን ስትይዝ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረች። ማርሹን ላውጣ ቢል ዘንጉ እንደ ችካል ተተክሎ እምቢ አለ። ገደሉ አፋፍ ላይ መቆምም አይቻልም፣ ሰው ጭኗል። ትንሽ ሄደችና ቋ! አለች። ዘይቷ መንገዱን አለበሰው።

መካኒኩ ሆዷን ከፍቶ የደቀቀ የማርሽ ጥርስ በእፍኙ አሳየን፤ የጎማው መበላለጥ ነው የሰበረው አለ። እንደሷ ያለች መኪና ድሮ ቀርታለች፣ መለዋወጫዋም አብሮ ቀርቷል። የካባው ባለቤት ያንኑ ሳምንት ሌላ ሰው ቀጠረ።

አጎታችን እንደገና ተጠራና እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል? ቄንጠኛው «ሰርግ ተቀብዬ ነበር፤ በሰው ፊት አዋረደኝ» አለ። አጎታችን ደግሞ ጣቱን ቀሰረ።

«አንተ ሾፌር ነኝ ባይ! የጎማው መበላለጥ እንደማይሆን ካወቅህ ያን ቀን ምን አፍህን ለጎመህ? ካላወቅህስ መሪ ምን አስያዘህ?»

ታላቄ እናታችንን አያት። እሷ የቀሚሷን ጠርዝ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ትናገራለች ብዬ ነበር። 

«ተናግሯል!» ብዬ ተነሣሁ። «ለእማዬ ነግሯታል። ማርሹ ይሰበራል ብሏታል፣ ዝም በል ያለችው እሷ ናት። ኩሽና ሆኜ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

 አጎታችን ወደ እናቴ ዞሮ «እውነት ነው?» አላት።  ገና አፏን ሳትከፍት ታላቄ ቀደማት።

«የለም» አለ። «እህቴ ተሳስታለች። ለማንም የነገርኩት የለም። አላወቅኩም ነበር።»

«ጋሼ!» አልኩት። አላየኝም።

እናቴ በረጅሙ ተነፈሰችና «እንግዲህ ራሱ ተናገረ» አለች። አጎታችን ነገር ቆስቋሽ ብሎ ከክፍሉ አስወጣኝ። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ፤ ጥፋቱ የታላቄ ስለሆነ መኪናዋ በቁራጭ ብረት ተሸጣ የምታወጣው ለታናሹ ይሁን ብሎ ፈረደ። የሚካፈል ነገር ያጣው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ወሬው በከተማው ዞረ። ጎማ መምረጥ የማያውቅ ሾፌር ተባለ፤ መሪ የሚያስይዘው ጠፋ። አሁን አንድ መጋዘን በር ላይ ተቀምጦ ለሌሎች ሾፌሮች በር ይከፍታል። የሚያድረውም እዚያው ነው፤ እሁድ እሁድ እቤት ይመጣል። እንግዳ ካለ እናቴ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች «ይሄ ልጄ አንጀቱ ደግ ነው፣ መኪና ላይ ብቻ እውቀት የለውም» ትላለች። እሱም ጎርሶ እያኘከ ራሱን በእሺታ ይነቀንቃል።