ኮሪደር ላይ የቀረው ድስት

እኔ ሰው መናቅ አልወድም። እኚያን ሴትዮ ግን ንቄያቸው ቀርቻለሁ፤ ለንስሐ አባቴ ብናገርም አልለቀቀኝ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ጣሊያን አገር፣ እኔ የሰው ቤት በምሠራበት ሕንፃ፣ እነሱ ፓላሶ በሚሉት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የኬፕ ቨርዴ ሴት ቀን ቀን አሮጊት ትጠብቅ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ሁለታችንም ስለምናርፍ አብረን እንወጣለን፤ ታወራኛለች። ደሴቶቻቸው ሰው አልነበረባቸውም አሉ። ፖርቱጋሎች ከምዕራብ አፍሪካ ባሪያ እያጋዙ አሰፈሩባቸው፤ ከዚያ ደሙም ቋንቋውም ድስቱም ተቀላቀለ። «እኛ ክሪዮል ነን» ትላለች፣ እንደ ማዕረግ። ምግባቸው ካቹፓ ይባላል፤ በቆሎና ቦሎቄ ከሥጋ፣ ከካሳቫና ከጎመን ጋር ሲንተከተክ የሚውል ነው።

ልጇ የእኛን አገር ልጅ አገባችና ሴት ልጅ ወለዱ። ለክርስትናው ከቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ጀርባ አዳራሽ ተከራዩ። ጓደኛዬ ዓሣማ እንደማንበላ ስለምታውቅ ካቹፓውን በበሬ ሥጋ ብቻ ሠርታ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ በአውቶቡስ አመጣችው። በልጅ ልጇ ድግስ ላይ ከእሷ ወገን የመጣ ነገር ያ ድስት ብቻ ነበር።

የአባትየው እናት፣ እኚያ የናቅኳቸው ሴትዮ፣ ክዳኑን ገለጥ አድርገው አዩ። ሥጋው አልታያቸውም፤ የታያቸው በቆሎው ነው። ይሄ ምን ድብልቅልቅ ነው፣ ንፍሮማ የለቅሶ ቤት ነው፣ በልጄ ልጅ ላይ ማን ያሟርታል ብለው ድስቱን ኮሪደር ላይ፣ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ሥር አስቀመጡት። ጠረጴዛው መሃል ያኖሩት ደግሞ ምን መሰላችሁ? ላዛኛ። በርበሬ የገባበት ላዛኛ፣ «የዓመት በዓል ምግባችን» እያሉ። ላዛኛ እኔም እወዳለሁ፣ ጠቤ ከላዛኛው አይደለም። ግን ጣሊያን ጥሎልን የሄደውን የአያት ቅርስ አድርጎ የያዘ ሰው፣ የሌላውን ድስት ድብልቅልቅ ነው ብሎ ሲጠየፍ ምን ይባላል?

ልጃቸው፣ ያ ሱፍ ለባሽ አባወራ፣ ጫማውን ያያል። ሚስቱ ጎሸም ስታደርገው ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ለዛሬ ይለፍ አላት። ጓደኛዬ ድግሱ ሲያልቅ ድስቷን እንደተጠቀለለ ተሸክማ ሄደች።

በነጋታው ቤቷ ልጠይቃት ሄድኩ። ካቹፓ ካደረ በሽንኩርት ተጠብሶ፣ እንቁላል ተደርጎበት ነው የሚበላው። ጠረጴዛው ላይ ማን ተቀምጧል? አማቿ! ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ። ሲያየኝ ደነገጠ።

«እትዬ፣ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ» አለኝ።

ጓደኛዬ አንድ ጭልፋ ጨመረችለት። እኔ ብሆን በጭልፋው አናቱን እለው ነበር።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድግሱ እንዴት እንዳማረ ለሴቶቹ ሲተርኩ ደረስኩ። ሰላም አልኳቸውና ሁሉም ወደ እኔ እስኪዞር ጠበቅኩ።

«እሜቴ» አልኳቸው፣ «ልጅዎ ያንን ንፍሮ አስጨምሮ በላ። ማን እንደሞተበት ግን አልነገረንም።»